አሥረኛ ቢን የነጠቀኝ ሰው

ስጦታው የሚባለውን ሰው መጀመሪያ ያገኘሁት ከሞጣ ወደ ብቸና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ብቸና አዲስ የተመደብኩ የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። ሲዘጋ ሲከፈት የከረመው መንገድ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መምሪያ በስልኬ አነባለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሲያየኝ ቆየና፣

«መምህርት ነሽ?» አለኝ።

«ነገ እጀምራለሁ።»

«መምሪያው ምን ይላል?»

«ተማሪው ራሱ እንዲጠይቅ፣ ራሱ እንዲሞክር አድርጉ ይላል።»

«በምን መጽሐፍ?»

ስልኬን ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝና ስሙን ነገረኝ። ለካ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ እሱ ነው። እኔ ሳቄ መጣ። እሱ በዓይኑ ብቻ ሳቀ።

መጽሐፍ በእርግጥም አልነበረም። አዲሱ መጽሐፍ የመጣው በስልክ ነው፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ደግሞ ስልክ የላቸውም። አሥረኛ ቢ ክፍልን ሰጡኝ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ይገለብጣሉ፤ ስጠይቃቸው የገለበጡትን ያነቡልኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ለውጥ ያልተማርኩት ነገር የለም። ለውጡ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን በጠመኔ የሚጻፍ ኖት ሆኖ ቁጭ አለ። የተለወጠው ሽፋኑ ብቻ ነው እንዳልል፣ ሽፋኑንም አላየነውም።

ስጦታው ንዴቴን ያዳምጣል። አይነቅፈኝም፤ አያበረታታኝምም። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወደ ገበያው አብረን ስንወርድ፣

«ስትናደጂ ደስ ይለኛል» አለኝ።

«እያሾፍክብኝ ነው?»

«አይደለም። እኔ መናደድ ከተውኩ ቆየሁ። አንቺን ሳይ ግን እንደገና ያምረኛል።»

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስንወጣ ሳንጠባበቅ የሄድንበትን ቀን አላስታውስም።

ኅዳር ላይ ልጆቹን ከከተማው በታች ወዳለው ጅረት ይዣቸው ወረድኩ። ልብስ የሚታጠብበትን ውሃና ከላይ ያለውን ንጹሑን እያወዳደሩ፣ በውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት እንዲለዩ ነበር። ብሩክታይት የምትባል ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ውሃው ላይ አጎንብሳ ቆየችና፣ «ቲቸር፣ ሳሙናው ያለበት ቦታ ለምንድን ነው ምንም የሌለው?» አለችኝ። ከየትም ያልገለበጠችው ጥያቄ ነበር። እንባዬ መጣ።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ምዕራፉ ወደኋላ ቀርቷል፣ ወላጅም ልጄ ወንዝ ለወንዝ ትዞራለች ብሎ ከስሷል አሉኝ። ነገሩ ለስብሰባ ተቀጠረ። ስጦታው «እኔ እናገርልሻለሁ» አለኝ፤ አመንኩት።

ስብሰባው ላይ ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሰጥ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። «የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ምን ይላል?»

ስጦታው ጠረጴዛውን እያየ፣

«እስማማለሁ» አለ።

አሥረኛ ቢን ለእሱ ለራሱ ሰጡት። ደጃፍ ላይ ጠብቆ ስሜን ሲጠራኝ ዞሬ ሳላየው አለፍኩ።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ሞጣ ገባሁ። እናቴ ይርጋነሽ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። «ሱቁ ሰው ይፈልጋል። በየቀኑ እየተቃጠልሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ወደ እሷ አዘንብሎ ነበር።

ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስጦታው ሱቁ በር ላይ ቆመ። አቧራ ለብሷል። እናቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ በርጩማ ሰጠችው።

«ለምን መጣህ?» አልኩት።

«አሥረኛ ቢዎች እምቢ አሉኝ።»

«ኖት ስጣቸው።»

«ሰጠኋቸው። ብሩክታይት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የሳሙናውን ነገር ጠየቀችኝ። መልሱን ነገርኳት። ‹ወርደን ብናየውስ?› አለችኝ። እኔ ደግሞ ልጆቹን ይዞ መውጣት እፈራለሁ።»

«ምኑን ነው የምትፈራው?»

በርጩማውን ወደ እኔ አስጠጋ።

«እኔም ስጀምር እንዳንቺ ነበርኩ። እንዲጠይቁ፣ እንዲሞክሩ ስል ተማሪዎቼን ለብሔራዊ ፈተናው ሳላደርሳቸው ቀረሁ። ብዙዎቹ ወደቁ። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በአክብሮት ሰላም ይሉኛል፤ እሱ ነው የሚያመኝ። በስብሰባው ቀን እነሱ ናቸው የታዩኝ። ልክ ነበርኩ አልልሽም። ፈራሁ።»

«ይኼን ያን ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ትጮኺብኛለሽ ብዬ ነው።»

«እጮህብህ ነበር። ግን አልለይህም ነበር።»

አንገቱን ደፋ። «ሰኞ አወርዳቸዋለሁ። ርዕሰ መምህሩን ነግሬያቸዋለሁ፤ አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። ብቻዬን ግን አላውቅበትም። ነይና አሳዪኝ።»

እናቴ የምታጥፈውን ነጠላ አስቀመጠች።

«መምህር፣ የመጡት ለክፍሉ ነው ወይስ ለልጄ?»

ስጦታው ቀና ብሎ አያት። ጆሮው ቀልቷል።

«ለሁለቱም ነው፣ እማማ። ክፍሉ ባይኖርም ግን እመጣ ነበር።»

እናቴ ነጠላውን አንስታ ማጠፏን ቀጠለች። ስለ ሱቁ ግን ዳግመኛ አላነሳችብኝም።

ሰኞ ጅረቱ ዳር ስጦታው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ገባና ድንጋይ ገለበጠ። አዳልጦት ሲቀመጥ ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ከእነሱ ጋር ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ልጆቹ ወደ ላይ ሲወጡ ልብሱን እየጨመቀ ወደኋላ ቀረ።

«አሁንም ተናደሽብኛል?»

«አዎ።»

«ክፍሉን ለማስመለስ እሞክራለሁ።»

«አይመልሱልኝም። እያወቅክ አትሸንግለኝ።»

«እሺ።» ልብሱን መጭመቁን ተወ። «ሽማግሌ ብልክስ?»

ደስ አለኝ። ንዴቱ ግን እዚያው ነበር።

«ላክ» አልኩት። «ተናድጄ ነው የምጠብቃቸው።»

ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ እኔም ለበዓሉ ሞጣ ገብቼ ነበር። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሞጣ የደረሱት ከቀጠሯቸው ብዙ ዘግይተው ነው። እናቴ አላኮረፈችም። በየቀኑ በር በሩን ሳይ ሰንብቼ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ።