ቀጥ በል፣ ጅራቴ!

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ወደ ቀይ ባሕር ታች እንውረድ።

እዚያ፣ በኮራል አለቶች መካከል፣ ሽምብራ የሚባል ትንሽ ጎቢ ዓሣ ነበረ። ቤት አልነበረውም።

ትንንሾቹን የሚበላው ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ሌሎቹ ጎቢዎች ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ሽምብራ ግን ድንጋይ ሥር ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን አሸዋ ሊደፍነው የደረሰ ጉድጓድ አገኘ። «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ።

«ማነው?» አሉ እትዬ ሙዳይ ከውስጥ። እትዬ ሙዳይ ጉድጓድ የሚቆፍሩ፣ ባለ ብዙ እግር ሽሪምፕ ናቸው።

«ሽምብራ ነኝ። በርዎ ሊዘጋ ነው እኮ፣ እትዬ! ለምን አይጠርጉትም?»

«ዓይኔ ደካማ ነው፣ ልጄ። ደጅ ደጁን የሚያይልኝ ድንበሩ የሚባል ጎቢ ነበር። ሞተብኝ። ያለ ጠባቂ ብወጣ እበላለሁ።»

«እኔ ልጠብቅዎት! ከእርስዎ ጋር ልኑር!»

እትዬ ሙዳይ ከት ብለው ሳቁ። «አንተ? ስምህን የምታክል!»

«ትንሽ ብሆንም ዓይኔ ያያል!»

«እስቲ እንሞክር» ብለው ረጅም ጢማቸውን ጅራቱ ላይ አሳረፉ። «ጅራትህ ቀጥ ካለ እሠራለሁ። ከተወዛወዘ አደጋ ነው፤ እገባለሁ።»

ጫር! ጫር! ጥርግ! አሸዋው ወጣ።

ሽምብራ ደስ አለው። ጅራቱ ውዝውዝ! ውዝውዝ!

እትዬ ሙዳይ ሽው ብለው ገቡ። «ምን መጣ?»

«ምንም! ደስ ብሎኝ ነው።»

«አይ ልጄ! በጅራትህ አትደሰት!»

ጫር! ጫር! ጥርግ!

አንድ ቀንድ አውጣ እየተንከባለለ አለፈ። ሽምብራ ሳቀ። ጅራቱ ውዝውዝ!

እትዬ ሙዳይ ሲሮጡ ራሳቸው ከድንጋይ ተጋጨ። ኳ!

«በቃ! ሂድ፣ ሌላ ቤት ፈልግ!»

«አልሄድም» አለ ሽምብራ። «እማራለሁ።»

በሩ ላይ ቁጭ አለ። ማዕበል ገፋው። «ቀጥ በል፣ ጅራቴ!»

ሸርጣን አሾፈበት። «ኧረ እንጨት ሆነሃል!» «ቀጥ በል፣ ጅራቴ!»

ቀኑን ሙሉ፣ «ቀጥ በል፣ ጅራቴ!»

በመጨረሻ የእትዬ ሙዳይ ጢም ቀስ ብሎ ጅራቱ ላይ አረፈ። ጫር! ጫር! ጥርግ!

ድንገት ውኃው ጨለመ። ትልቁ ዓሣ!

የሽምብራ ልብ ድው ድው አለ። ብቻውን ግን አልሸሸም። ጅራቱ ውዝውዝ! ውዝውዝ!

እትዬ ሙዳይ ሽው! ሽምብራም ተከትሎ ሽው! የትልቁ ዓሣ አፍንጫ ከአለቱ ጋር ዷ!

«ምን መጣ?» አሉ እትዬ ሙዳይ እያለከለኩ።

«አሁንስ የምር መጣ!» አለ ሽምብራ። ተሳሳቁ።

ሲመሽ እትዬ ሙዳይ በሩን በጠጠር ዘጉ። ሽምብራ አንድ ለስላሳ ጥግ አየ። «እዚህ ልተኛ?»

እትዬ ሙዳይ ጥጉን በጢማቸው ዳሰሱ። «እሱ የድንበሩ ነው፤ እንዳለ ይቆይ። ላንተ የራስህን እቆፍርልሃለሁ።»

ጫር! ጫር! ጥርግ!

ሽምብራ ገብቶ ተጋደመ። «እትዬ፣ በጣም ሰፋኝ እኮ።»

«ይስፋህ» አሉ እትዬ ሙዳይ። «ታድጋለህ።»