በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ባትሪ

ልጆቼን አሳድጌ ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ለሚለኝ ሁሉ «እንቅልፍ አንሶህ ይሆናል» ብዬ የምመልስ፣ ስለዚህ እመኑኝ፣ ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ሳይሆን ስለተናደድኩ ነው።

ዲላ በሚገኘው ቤተ ሙከራችን ከዚንክና ከአየር ባትሪ እሠራለሁ። ዚንኩ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ኃይል ይሰጣል፣ አየር ካጣ ያበቃለታል፣ ጣጣው ደግሞ መልሰን ቻርጅ ስናደርገው ነው፣ እሾህ የመሰለ ነገር አብቅሎ ባትሪውን ከውስጥ ይወጋዋል። እሾሁን ይገታልኝ እንደሆነ ብዬ ፈሳሹን ከእንሰት በሚወጣው ቡላ አወፈርኩት። በዕድሜ ታናሼ የሆነው አማካሪዬ አየና «ገንፎ ነው የሠሩት?» አለኝ፤ እስከ ሰኞ ቻርጅ ተደርጎ ሲሠራ ካላሳየሁት የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ እንድቀይር ነገረኝ፣ ልፋቴ ሁሉ ገደል ሊገባ ነው ማለት ነው።

ቡላውን ከቡሌ ወረዳ ያመጡልኝ የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ማርታ ናቸው። ዓርብ ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ፣ ትንሽ አምፖል አያይዤበት ምሳ በልቼ ስመለስ፣ በእንሰት ቅጠል ጥፍር አድርገው ጠቅልለው ድንጋይ ጭነውበታል!

«እትዬ፣ ምን አደረጉት?»

«ቡላ አይደለም እንዴ? አየር ሲነካው ይበላሻል!»

«አየር እኮ ነው ምግቡ! አፍነው ገደሉት!»

«የሞተ ነገር ይበራል?»

እውነትም አምፖሏ በርታለች። ውስጡ የቀረ አየር ይሆናል ብዬ፣ እልህ ይዞኝ ከነቅጠሉ በላስቲክ ደግሜ ጠቀለልኩት፣ ድንጋዩን መልሼበት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ መጥፋት የነበረባት ሰዓት አለፈ፣ እሷ ጭራሽ ደመቀች።

ከዚያ ድምፁ መጣ። እርጥብ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ነፋስ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ዞር ስል ድንጋዩ ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል።

«በኢየሱስ ስም!» ብለው እትዬ ማርታ ወደ በሩ ሸሹ፣ ራሳቸው ጠቅልለውት!

«ጋዝ ነው» አልኳቸው። ግን ጋዝ ድንጋይ ያነሳል እንጂ እየመለሰ አያወርድም፣ ይህን ያህል ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። አምፖሏ እንደበራች ናት፣ ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም። አማካሪዬ በስልክ «ነገ ከፍተው ያሳዩኛል» ብሎ ዘጋው። ሳልከፍተው አያምነኝም፣ ከፍቼው ቢሞት ሌላ የለኝም። ከጠዋት ጀምሮ ልፈታው እሞክራለሁ፤ እጄን ወደ ቅጠሉ ባስጠጋሁ ቁጥር ግን ድንጋዩ ከፍ እንዳለ ቀጥ ይላል፣ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው፣ እጄን እስክመልስ።