ያልሰማችው ጩኸት

«ጠርቶሻል ወይስ አልጠራሽም?» አሉ የመስኖውን ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባት።

ዓቢዳ ቀና ማለት አልቻለችም። ከቦዩ በታች ያለው የእትዬ ጥሩወርቅ የሽንኩርት ማሳ ኩሬ መስሏል። ሽንኩርቱ ሊነቀል ደርሶ፣ ቅጠሉ እንዲደርቅ ውሃ ከተከለከለ ሰንብቶ ነበር። አሁን ጭቃ ውጦታል። የክፍሏ ልጅ ቢኒያም አካፋ እንደያዘ፣ ልብሱ በጭቃ እንደተለወሰ፣ ቦዩ ከተናደበት ቦታ ቆሟል።

«ከላይ ቲማቲማችን ውስጥ ሆኜ ቦዩ ሲናድ አየሁ» አለ እያለከለከ። «‹ዓቢዳ! ውሃውን መልሺው!› እያልኩ ጮህኩ። ዝም ስትለኝ ጊዜ ልደፍነው ሮጬ መጣሁ። እሷን ጠይቋት።»

«አካፋ ይዘህ ተገኝተህ ‹ልደፍነው ነው› ትላለህ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «በውሃ ተራ ከእናትህ ጋር የተጣላሁትን ቂም ይዘህ ነው እንጂ!»

የውሃ አባቱ እንደገና ወደ ዓቢዳ ዞሩ። የዚያን ቀን የውሃ ተራ የእነ ዓቢዳ ቤት ነበር፤ እንድትጠብቅ የተላከችውም እሷ ናት። «እኮ ተናገሪ ልጄ። ሲጮኽ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም» አለች።

እውነቷን ነው፤ አልሰማችም። ለምን እንዳልሰማች ግን የጠየቃት የለም። በሂጃቧ ስር የተሸጎጠውን ቀጭን የጆሮ ማዳመጫ ገመድም ያየ የለም።

ገመዱ ኪሷ ውስጥ ካለች፣ የክብሪት ቀፎ ከምታህል የሙዚቃ ማጫወቻ ጋር ተያይዟል። ታላቅ ወንድሟ ሙባረክ ወደ ሳውዲ ለመሻገር ከቤት ከመውጣቱ በፊት ከወልድያ የገዛላት ናት። ዓቢዳ ስልክ የላትም። ስልክ ያላቸውም ቢሆኑ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያደርጉት ያጣሉ፤ ማጫወቻዋ ግን ኔትወርክ አትፈልግም። ሙባረክ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጭኖላት ነበርና እሱን ደጋግማ እየሰማች ዘንድሮ ውጤቷ ተሻሽሏል። መንዙማም ዘፈንም አለበት። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሙባረክ ራሱ በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉር፣ መሃል ላይ ሳቁ ሲያመልጠው የተቀዳ አለ። ከሄደ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የደወለው።

አባቷ አቶ አማን ግን ነገሩን አልወደዱትም። «ጆሮሽን ደፍነሽ ሜዳ እንዳትወጪ» ብለዋታል። «መኪና ቢመጣ፣ ሰው ቢጠራሽ በምን ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ባገኝብሽ ዳግም አታዪያትም።»

ዓቢዳ የዚያን ቀን ሁለቱንም ጆሮዋን ደፍና፣ ለቦዩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የወንድሟን ሳቅ ትሰማ ነበር።

የውሃ አባቱም፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የእነ ቢኒያም ማሳ ውሃ እንዳያገኝ ወሰኑ።

በማግስቱ ቢኒያም ትምህርት ቤት አልመጣም። ዓቢዳ በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ለናርዶስ ሁሉንም ነገረቻት።

«አቦ አታካብጂው!» አለች ናርዶስ። «‹አልሰማሁም› አልሽ፤ አልሰማሽም። ምኑ ነው ውሸቱ?»

«እሱ ግን ጮኾ ነበር።»

«በምን አወቅሽ? አልሰማሽም አይደል እንዴ?»

ናርዶስ ጠጋ አለቻት።

«ስሚኝ ዓቢ፣ ከተናገርሽ ማጫወቻዋን ቻው በያት። የሙባረክን ድምፅ ከየት ልታመጪ ነው? የሽንኩርቱም ጣጣ አባትሽ ላይ ነው የሚወድቀው። የእነ ቢኒ በሽምግልና ያልቃል። ፈታ በይ።»

ናርዶስ ክፋት የለባትም። የተናገረችውም ዓቢዳ ራሷ ስታወጣ ስታወርድ ያደረችውን ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን አስጠላት።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትመለስ ቢኒያምን መንገድ ላይ አገኘችው። በሁለቱም እጆቹ ጀሪካን አንጠልጥሎ ከወንዙ ወደ ማሳቸው ይወጣል። እላይ ቲማቲሙ አበባ እንደያዘ ጠውልጓል፤ እናቱ ጎንበስ ብለው በጣሳ ሥር ሥሩን ያጠጣሉ። ዓቢዳ አንገቷን ደፍታ ልታልፈው ስትል ጀሪካኖቹን አስቀመጠ። ሊሰድበኝ ነው ብላ ጠበቀች።

«ትናንት፣ እውነት ምንም አልሰማሽም?» አላት። ድምፁ ሻክሯል። «ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የጮህኩ ነበር የመሰለኝ። እማዬ ‹ደንግጠህ በሆድህ ይሆናል የጮህከው› አለችኝ። አሁን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።»

ዓቢዳ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ማጫወቻ ጨበጠች።

«በቃ ተይው። አንቺ ያልሰማሽውን ሰማሁ አትዪ» አለና ጀሪካኖቹን አንስቶ ዳገቱን ተያያዘው።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ልጁ ከጩኸቱ የተነሳ ገና ሻክሮ ያለውን የራሱን ድምፅ መጠራጠር ጀምሯል። ዓቢዳ ከኋላው ትንሽ አየችውና ወደ ቤቷ የሚያስገባውን መንገድ ትታ ቁልቁል ወረደች።

እትዬ ጥሩወርቅ ከጭቃው ሽንኩርት እየነቀሉ፣ ይተርፋል ያሉትን ጆንያ ላይ ያሰጣሉ። የብስባሹ ሽታ ከሩቅ ይጣራል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

«ምን ፈለግሽ?»

«ጥፋቱ የቢኒያም አይደለም» አለች ዓቢዳ፤ ገና ከመቆሟ። «ቦዩ ሲሞላ ውሃውን መቀነስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጆሮዬን ደፍኜ ዘፈን እሰማ ነበር። ቢጮኽም የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።» ማጫወቻዋን አውጥታ አሳየቻቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ማጫወቻዋን አዩ፤ ከዚያ ማሳውን አዩ። ዓቢዳ ምነው በጮሁብኝ አለች በልቧ።

«ይህቺ ናት?» አሉ በመጨረሻ። «ለፍቼ ለፍቼ፣ ይህቺ ናት?» ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ያንን ልጅ በሰው ፊት ወንጀለኛ አደረግሁት እኮ። አባትሽ ያውቃል?»

«ገና አልነገርኳቸውም።»

«ይህችን እቃሽን አይተውልሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ዓቢዳ። ማጫወቻዋን ኪሷ ከተተች። «አባዬ ሳይሰሙ ግን መጀመሪያ እነ ቢኒያም ጋ ልሂድ። እሱ ይወቅ።»

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ከመደቡ ወጡ። «እኔም እዚያ ቤት የምለው አለኝ። ቅደሚ።»

ዳገቱን ተከታትለው ወጡ። የቢኒያም እናት ከቲማቲሙ መሃል ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ጣሳውን እንደያዙ ቆሙ። ዓቢዳ ማጫወቻዋን ከኪሷ አውጥታ፣ እርምጃዋን ሳታዘገይ ወደ እሳቸው ሄደች።