የኮምፔርሳቶው በር

ይህን ታሪክ የነገረችኝ ዓፊያ ራሷ ናት። ከሚሴ ከተማ ውስጥ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ።

"ማመን አለማመን ያንተ ፈንታ ነው። እኔ የሆነውን ነው የምልህ" አለችኝ።

እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው።

ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ ቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት... ልክ ቀትር ላይ።

ዓፊያ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ የሒሳብ መምህርት። እናቷ ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ሙሐመድዘይን ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ዘይኔ ነው የምትለው። እሷው አሳድጋ፣ አስተምራ አስመረቀችው። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ጓዙን ሸክፎ ጨርሷል።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ለመናት።

"ዓፊዬ፣ ድራማው የተቀረጸበትን ቦታ አብረን እንየው።"

የድራማውን ስም አልጠራም። ነገሥታትና መናፍስት የሚዋጉበት፣ ዓርብ ማታ ሰውን ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት የሚያስቀምጠው ተከታታይ ነው። በታሪኩ ውስጥ ወደ ሙታን አገር የሚያስገባ የድንጋይ በር አለ። ሦስት ጊዜ ያንኳኳ ሰው ይከፈትለታል።

ያ በር የቆመው ከጨፋ ሮቢት በላይ፣ ጋራው ጫፍ ላይ ነው። የድራማው ሰዎች ሠርተው፣ ቀርጸውበት፣ እዚያው ትተውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የድራማው ወዳጆች ከየአገሩ እየመጡ ያንኳኳሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ።

ዓፊያ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም። ግን ሊለያት ነው... እሺ አለችው።

ባጃጁ ከጋራው ሥር አወረዳቸው። እዚያ ማሽላ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አባ ጣሃ ይባላሉ። ማሳቸው ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠዋል።

"ከአዛን በኋላ ውጡ ልጆቼ" አሏቸው። "አሁን ቀትር ነው።"

"በኋላማ ፀሐዩ ይብሳል፣ አባ" አለች ዓፊያ።

"የፀሐዩን አይደለም የምልሽ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ በር ኮምፔርሳቶ ነው። ተሸክሜ ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ። ሁለት ክረምት ዘነበበት... ምስጥ አልነካውም። እዚህ አገር ምስጥ ያልበላው እንጨት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ቀለም ስለተቀባ ይሆናላ።"

"ይሁን። ብቻ ከውስጥ ድምፅ ብትሰሙ አትመልሱ።"

"ውስጥ የለውም እኮ፣ አባ። ሜዳ ላይ የቆመ በር ነው።"

"እሱን ነው የምልሽ" አሉ።

ወጡ።

ከላይ ሲያዩት የጨፋ ሸለቆ ተዘርግቷል። የቦርከና ወንዝ ይታያል። ማሽላው ደርሶ ስለነበር ከየማማው ላይ ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ጩኸት እየተቀባበለ ይመጣል። ዘይኔ በላብ ተነክሯል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

በሩ በሁለት ቋጥኞች ፊት ለብቻው ቆሟል። ማጠፊያ የለው፣ ቁልፍ የለው። ከኋላው ባዶ ድንጋይ ብቻ ነው። በአሥር እርምጃ ይዞራል።

ዓፊያ መጀመሪያ ያየችው ጥላውን ነው።

የእሷም የዘይኔም ጥላ እግራቸው ሥር ተሰብስቧል። የበሩ ጥላ ግን... ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንደሚሆነው ረዝሞ ተኝቷል።

ከዚያ ሸለቆው ጸጥ አለ።

ወፍ የሚያባርሩት ሰዎች ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ... ዝም።

"ዘይኔ፣ እንውረድ።"

"አንዴ ብቻ፣ ዓፊዬ።"

አንኳኳ።

ቋ... ቋ... ቋ...

እየሳቀ ወደ እሷ ዞረ። "አየሽ? ምንም..."

ቋ።

አራተኛው የመጣው ከወዲያ በኩል ነው።

"ሰው አለ" አለ በሹክሹክታ። "ሊያስደነግጠን ነው። ቆይ ልያዘው።"

በግራ በኩል ዞረ።

ዓፊያ መቁጠር ልማዷ ነው። አንድ... ሁለት... ሦስት... አሥር እርምጃ ነው። ሠላሳ ላይ ስትደርስ በቀኝ በኩል ወጣ። ፈገግ ብሏል።

"ማን አለ?"

"ማንም የለም፣ እህቴ።"

እህቴ...

ዘይኔ በሕይወቱ እህቴ ብሏት አያውቅም።

አየችው። ሸሚዙ ደርቋል። ጫማው ላይ የአቧራ ምልክት የለም።

ፊቷን አልለወጠችም።

"ኤሳ ቱርቴ?" አለችው።

የት ነበርክ ማለት ነው፣ በአፋን ኦሮሞ። እነሱ ቤት ሁለቱም ቋንቋ እኩል ነው የሚነገረው። በአንዱ ጀምረው በሌላው ነው የሚጨርሱት።

አፍ አፏን አያት። አልገባውም።

"ወደ ቤት እንሂድ" አለ።

"የት ነው ቤታችን?"

ዙሪያውን አየ።

"አንቺ ታሳይኛለሽ።"

ያኔ ከበሩ ውስጥ የጥፍር ድምፅ መጣ። ሰው እንጨት ሲቧጥጥ... ቀስ እያለ።

"ዓፊዬ... ና ባሲ..."

አውጪኝ ይላል። የዘይኔ ድምፅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሰው ርቋል።

"እንዳትመልሺለት" አለ አጠገቧ የቆመው። "እሱ ወንድምሽ አይደለም።"

"አንተስ?"

አንድ እርምጃ ተጠጋት።

"ከፈለግሽው ሦስቴ አንኳኪ። ይከፈትልሻል።"

"አላንኳኳም" አለች። "የሚንኳኳው የሰው ቤት ነው። ይህ ኮምፔርሳቶ ነው።"

ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን የሚሞላ ድንጋይ አነሳች።

"ከሰበርሽው ይሞታል" አላት።

"የሞትን ቀን የሚያውቀው አላህ ነው። አንተ አይደለህም።"

ቢስሚላህ ብላ መታችው።

እንደ እንጨት አልጮኸም። ሥጋ ሲመታ እንደሚሰማው... ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያወጣው።

ደገመችው። ስንጥቅ ወጣ።

ከኋላዋ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አንገቷ ላይ አረፈ።

"ዓፊ... ልጄ... ተይ..."

የእናቷ ድምፅ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ። እንዲያው እንደነበረው፣ ከነመጨረሻው ሕመም፣ ከነመቆራረጡ...

የያዘችው ድንጋይ ከበዳት። እንባዋ መጣ።

"እናቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ እሱን ነው" አለች፣ ሳትዞር። "አንተን አይደለም።"

በሙሉ ኃይሏ መታችው።

በሩ ተበሳ። ከኋላው ፀሐይ እያለ ቀዳዳው ጨለማ ነበር። ከጨለማው ውስጥ ጣቶች ወጡ። ከዚያ እጅ።

ያዘችው። በላብ ርሷል፤ ይሞቃል።

ሳበች። ከማዶም የሚስብ ነበረ።

አንድ እግሯን በሩ ላይ ተከለች። ትከሻዋ ሊነቀል ደረሰ። "አልለቅም" ትላለች፤ ትስባለች። "አልለቅም... አልለቅም..."

ከታች ከሮቢት የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ተሰማ።

ከማዶ ያለው ላላ።

ኮምፔርሳቶው ተገነጠለ፤ ዘይኔ ላይዋ ላይ ወደቀ። ሸሚዙ ውሃ ሆኗል። ጥፍሮቹ ሥር የእንጨት ስንጥር ገብቷል።

ዞራ አየች። ያኛው የለም። የቆመበት አፈር ላይ ዱካ እንኳ የለም።

"ስንት ቀን ቆየሁ?" አላት ዘይኔ።

ደግፋ አነሳችው፤ ወረዱ።

አባ ጣሃ አሁንም ከሾላው ሥር ናቸው። ዘይኔን ትኩር ብለው አዩት። ሰላም አላሉትም።

"ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ?" አሏት።

"ሁለት።"

"ስንት ሆናችሁ ወረዳችሁ?"

"ሁለት" አለች ዓፊያ። ወደ ኋላዋ ግን አልዞረችም።

ወደ አስፋልቱ የሚወስደው መንገድ በጨፋ ሜዳ መሃል ነው የሚያልፈው። ሜዳው ላይ መቶ የሚሆኑ ከብቶች ነበሩ። ጠባቂ አይታይም። አንዱም አይግጥም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ እነሱ አድርገው፣ ጭራቸውን እንኳ ሳይወዘውዙ ቆመዋል።

ዘይኔ ቆመ። "በሌላ በኩል እንሂድ" አለ ቀስ ብሎ።

"መንገዳችን ይህ ነው" አለችው።

እጁን ያዘችና ቀጥታ ወደ ከብቶቹ ሄደች።

ሲጠጉ ከፊት ያለው ወይፈን የፊት ጉልበቶቹን አጥፎ ለዓፊያ ተንበረከከላት። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ላም ተንበረከከች። ከዚያ ቀጣዩ... ከዚያ ቀጣዩ... በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ።

ዓፊያ አንገቷን ቀና አድርጋ በመሃላቸው አለፈች። አሁንም የሚሞቀውን የዘይኔን እጅ አልለቀቀችም።