የተገለበጠው ሞተር

ዐብዱልጀባር ከብረት መቅረጫው ማሽን ሥር በጀርባው ተዘርሯል። አንገቱን የቀደደው ከመቁረጫው ጥርስ ተሰብሮ የተፈናጠረ ስንጥር ነው። የቡና መፈልፈያ ማርሽ የሚቀረጽበት ይህ የሚዛን ተፈሪ ወርክሾፕ የእሱና የሸሪኩ የሻሚል ነበር።

«ማሽኑን የነካ አለ?» አለች ኢንስፔክተር ማናልሞሽ። ፖሊስ ሳትሆን በፊት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረት መቅረጽ ተምራለች።

«መብራቱን ካጠፋሁ ወዲያ ማንም አልነካም» አለ አንጋፋው ሠራተኛ ታፈሰ። «ዐብዱልጀባር ብረቱን አስሮ፣ የማሽኑን የፍጥነት ማርሽ በደቂቃ ዘጠና ዙር ላይ አድርጎ ለጁምዓ ሄደ። እኔም ምሳ ወጣሁ። ሁለታችንም ተመልሰን ማስነሻውን ሲጫን ማሽኑ ጮኸ። የአቅጣጫው እጀታ ወደ ቀኝ ነው፤ ጥርሱን ምን እንደሰበረው አልገባኝም።»

ማናልሞሽ አጎነበሰች። የአቅጣጫው እጀታ በእርግጥ ወደ ቀኝ ነው። የፍጥነት ማርሹ እጀታ ግን አንድ ሺህ አራት መቶ ዙር ላይ ቆሟል። ስንጥሮቹን ለቅማ ፖስታ ውስጥ ከተተች። የተፋጨው የጥርሱ ስለት ሳይሆን ጀርባው ነበር።

ሻሚል «ከቴፒ መምጣቴ ነው» እያለ ሲገባ አስከሬኑ ተነስቷል።

«ወንድሜን! ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ መሰበሩ አይቀርም። የመብራቱ መስመር ተገልብጦ ይሆናል።»

አሥር ሰዓት ላይ ታፈሰን፣ ሻሚልንና የሟቹን ባለቤት ረቢያን ማሽኑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። መብራቱ ተመለሰ። መጀመሪያ በዚያው መስመር ላይ ያለውን የስለት መሳያ ግራይንደር አስነሳች፤ በትክክል ዞረ።

«መስመሩ ቢገለበጥ ይሄም ወደ ኋላ በዞረ ነበር።»

ቀጥላ ማርሹን ወደ ዘጠና መልሳ ማሽኑን አስነሳች። እጀታው ወደ ቀኝ፣ መቁረጫው ግን ወደ ግራ! አጥፍታ የሞተሩን ሳጥን ከፈተች።

«ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ሞተሩን የገለበጠው ይሄ ነው። በዘጠና ዙር ቢሆን ዐብዱልጀባር ወደ ኋላ መዞሩን በዓይኑ አይቶ ያጠፋው ነበር። ስለዚህ ማርሹም ተቀየረ። ማርሽ የሚቀየረው ማሽኑ ቆሞ ነው፤ እሱ መስጊድ ሳለ።»

«ታፈሰም የወርክሾፑ ቁልፍ አለው» አለ ሻሚል።

«ጋሽ ታፈሰ ወደ ቀኝ የዞረ ነው የመሰላቸው። አንተ ስትገባ የዞረበትን አቅጣጫ የሚያሳየው ስንጥር ፖስታ ውስጥ፣ መብራቱም ጠፍቶ ነበር። ወደ ኋላ መዞሩን ማን ነገረህ?»

ሻሚል ግድግዳውን ተደገፈ። «ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክርብኝ ነበር። ቴፒ አንዲት ሠራተኛ የገደለው የቡና መፈልፈያ ... መከለያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሊያሳስረኝ ነበር!»

ረቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«‹ሻሚል ብቻውን አይታሰርም፤ እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ› ብሎኝ ነው ዛሬ ጠዋት ከቤት የወጣው» አለች።