የፍስክ ቢላዋ

ኦቦ ጉዩን ሞቶ ያገኙት ወደ ጊንጪ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። ከጭልሞ ደን ጫፍ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በጀርባው ተንጋሏል። የደን ጥበቃ ካፖርቱ አልተቆለፈም። ደረቱ ላይ አንድ ቦታ ተወግቷል። ቢላዋው እዚያው አጠገቡ ሣሩ ላይ ተጥሏል።

ኢንስፔክተር ሸዋገነት ስትደርስ የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«የኤቢሳ ነው» አለ አንዱ።

«የትኛው ኤቢሳ?»

«የአይሱዙው ሹፌር ነዋ! ያንን ቢላዋ የማያውቅ አለ?»

እውነቱን ነው። እጀታው የቀንድ ነው፤ አንገቱ ላይ የነሐስ ቀለበት አለው። ጊንጪ ሥጋ ቤት ገብቶ ቁርጥ የበላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኤቢሳ የሥጋ ቤቱን ቢላዋ አይነካም። «የእናንተ እንኳን ሥጋ ቅቤም አይቆርጥ» ብሎ ባለቤቱን ካበሸቀ በኋላ የራሱን ከመኪናው ያመጣል።

ደግሞም ሟቹና ኤቢሳ ተጣልተው ነበር። ባለፈው ሳምንት ኦቦ ጉዩ መኪናውን ኬላ ላይ አስቁሞ፣ ጥድ ደብቀሃል ብሎ ጭነቱን በሙሉ አስወረደው። ከጤፍ በቀር የተገኘ ነገር የለም። ኤቢሳ ጆንያውን መልሶ እየጫነ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «አንድ ቀን እንተያያለን!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ፖሊሶች ኤቢሳን አዲስ ዓለም ላይ ጭነት ሲያራግፍ አግኝተው አመጡት።

«ትናንት ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?» አለችው ሸዋገነት።

«አዲስ ዓለም። መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛ ሰው ማን ያየዋል?»

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይህ የማን ነው?»

ጎንበስ ብሎ አየው። «የእኔ ነው።»

«ሬሳው አጠገብ ምን ያደርጋል?»

ኤቢሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ጠፍቶብህ ነበር? ሰው አውሰህ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ኤቢሳ፣ ሰው ነው የሞተው። ዕድሜ ልክ ልትታሰር ትችላለህ። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል» አለና አቀረቀረ።

ሸዋገነት ተናደደች። ውሸታም ብዙ አጋጥሟታል፤ ውሸታም ያወራል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። ይህ ሰው ግን ራሱን ለማዳን አንድ ቃል አልወጣውም። አናደዳት እንጂ ጥፋተኛ አልመሰላትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ምስክር በገዛ እግሩ መጣ። ፈይሳ ይባላል፤ የኤቢሳ ሚስት የጂቱ ወንድም ነው፤ በፈረስ ጋሪ ይተዳደራል። ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ተቀመጠ።

«ምን ላድርግ፣ የእህቴ ባል ነው። ግን ሰው ሞቶ እንዴት ዝም ይባላል? ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉዩ ሳይሞት ማለቴ ነው፣ ሸራ ሲያስር አግዤው ነበር። ገመዱን በዚህ ቢላዋ ቆርጦ ወንበሩ ሥር መልሶ ከተተው። ‹ጉዩን አልለቀውም› እያለ ይዝት ነበር።»

ቃሉን ፈርሞ ሄደ።

ሸዋገነት ግን ሌላም ሰው አጣራች። ቀንዓ የሚባል ከሰል አክሳይ አለ፤ ኦቦ ጉዩ መጥረቢያውን ቀምቶት ነበርና። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። ቀንዓ ያን ሌሊት እንጭኒ ለቅሶ ቤት አድሯል፤ ድንኳን ሙሉ ሰው መሰከረለት።

«እንግዲህ እንዝጋዋ!» አለ ረዳቷ ሳጅን ፊራኦል። «ቢላዋ አለ፣ ጠብ አለ፣ ምስክር አለ። ምን ቀረን?»

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ዐቃቤ ሕግ ቢላዋው የተከሳሹ ለመሆኑ የሻጩን ቃል ይጠይቃል። ሸዋገነት ቢላዋውን ይዛ አምቦ ወረደች።

ቢላዋ ሠሪው ኦቦ ገመቺስ አምቦ ገበያ ጥግ፣ ፊቱ ላይ ቢላዋና ማጭድ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ገመቺስ። ይህንን ያውቁታል?»

«የገዛ ልጄን አላውቅም ልበል? ከመኪና ባሌስትራ ብረት ነው ያወጣሁት። ለኤቢሳ።» ሳቀ። «ሹፌር ሁሉ እንደሱ ቢሆን ጦሜን ነበር የማድረው። ሌላው መጥቶ የሚያብረቀርቀውን አንስቶ ይሄዳል። እሱ ግማሽ ቀን አስለፋኝ። ረዘም ያለ ስሰጠው ‹ፖሊስ ቢያየው ሽፍታ ነህ ይለኛል› አለ። አጠር ያለ ስሰጠው ‹የጎማ ከመነዳሪ አይቆርጥልኝም።› ተጣጣፊውን ‹ጭቃ ይገባበታል› ብሎ ወረወረው። አንድ ቢላዋ፣ ገመዱንም ሽንኩርቱንም ሥጋውንም የሚቆርጥ! በመጨረሻ በልኩ ሠራሁለት።»

«ስለዚህ የመኪናው ቢላዋ ይኸው ነው።»

«በፍስክ ነዋ። አሁን ሁዳዴ አይደል እንዴ? ለቅበላ ሰሞን መጥቶ ሌላ ወሰደ፤ ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያለው። ‹ሥጋ በነካ ቢላዋ ጾሜን ሽንኩርት አልከትፍም› አለኝ። እስከ ፋሲካ መኪናው ውስጥ ያለው እሱ ነው።»

ሸዋገነት እዚያው ቆማ ቀረች። እናቷ ቤት የጾም ድስት ለብቻው፣ የፍስክ ድስት ለብቻው ነው፤ የሥጋ ቢላዋ ሁዳዴ ሲገባ ታጥቦ ከዓይን ይሰወራል። እሷም ራሷ ጿሚ ናት። ይህ ነገር እስካሁን ትዝ ስላላላት በራሷ አፈረች።

ፊራኦል ጋ ደወለች። «የመኪናው ወንበር ሥር ተፈትሿል?»

«ቢላዋው ከተገኘ ወዲያ ምን ይፈተሻል?»

«አሁን ፈትሸው።»

ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደወለ። «አንድ ጥቁር እጀታ ያለው አለ። የሽንኩርት ልጣጭና የገመድ ቃጫ ተጣብቆበታል።»

ጊንጪ እንደተመለሰች ኤቢሳን አስጠራችው።

«የፍስክ ቢላዋህ ሁዳዴን የት ነው የሚከርመው?»

ደነገጠ። «ይተዉት ኢንስፔክተር፣ ለማርያም ብለው!»

«የት ነው?»

«ቤት ነበር ካልኩ፣ ቤት ያለችው ጂቱ ናት። እሷን ልታስሯት ነው? እኔው ልታሰር።»

ለሚስቱ ሲል መታሰሩ ሸዋገነትን አሳዘናት። በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደች።

ጂቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ያላለቀሰች፣ ያልተኛች ሴት ትመስላለች።

«የፍስኩን ቢላዋ የት አኑረሽው ነበር?»

ጂቱ ጓዳ ገብታ የእንጨት ሣጥን ከፈተች። የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ዘረጋችው። ባዶ ነው።

«በቅበላ ማግስት አጥቤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«መጥፋቱን መቼ አወቅሽ?»

«ኤቢሳን የያዙት ዕለት።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም? ባልሽ ይኸው ስምሽን ላለማንሳት ብሎ አፉን ዘግቷል።»

ጂቱ ይህን አላወቀችም ነበር። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«ማክሰኞ ማን ገባ እዚህ ቤት?»

ጂቱ ባዶውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አደረገችው። ሸዋገነትም አላጣደፈቻትም።

«የእናቴ ልጅ ነው» አለች ጂቱ። «እናታችን ስትሞት ጡት አልጣለም ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።» ጨርቁን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። «ውሃ ጠማኝ ብሎ ገባ። እኔ ጓሮ ነበርኩ። ፈይሳ ነው። ሌላ ሰው አልገባም።»

ፈይሳ ሁለተኛ ሲጠራ ለምስክርነት መስሎት ተዝናንቶ መጣ።

«ገመዱን በየትኛው ቢላዋ ነው የቆረጠው?»

«ነገርኩሽ እኮ። በቀንዱ።»

«አልተሳሳትክም?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ጥቁሩን ቢላዋ ከቀንዱ አጠገብ አኖረችው። «ሁዳዴ ከገባ ኤቢሳ መኪናው ውስጥ የሚይዘው ይህንን ነው። የገመዱ ቃጫ አሁንም አለበት። ቀንዱ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥን ውስጥ ያለ ቢላዋ እንዴት አድርጎ ገመድ ቆረጠ?»

የፈይሳ ፊት አመድ መሰለ።

«ጂቱ ነገረችሽ?»

«ምኑን?»

ፈይሳ ወደ በሩ ዞር አለ። ፊራኦል መጻፉን አቁሞ ቀና አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወጣ። ፈይሳ ከጭልሞ ጥድ እየቆረጠ በጋሪው ያወጣ ነበር። ኦቦ ጉዩ ሁለት ጊዜ ይዞት፣ ለእህቱ ሲል ማረው። ከእህቱ ቤት እንጨት ይወጣል የሚል ወሬ ሰምቶ ኖሮ የኤቢሳንም ጭነት ያስወረደው ለዚሁ ነው። በሦስተኛው «አሁንስ በቃኝ፤ ነገ አስረክብሃለሁ» አለው። ፈይሳ እስኪነጋ አልጠበቀም።

«ኤቢሳ ምን አደረገህ?» አለችው።

«ጥዱን ከጤፉ ሥር ደብቅልኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። እሺ ቢለኝ ኖሮ ጉዩ ጋሪዬን መች ያገኘው ነበር?» ይህንን ሲናገር ከልቡ የተበደለ ይመስል ነበር። «ከሣጥን ወጣ ከተባለ በእኔ ይመጣል። መኪናው ውስጥ ነበር ብል ማን ይጠረጥራል አልኩ። ጾም ለእኔ ምኔ ነው፣ ከገደፍኩት ስንት ዓመቴ!»

በማግስቱ ኤቢሳ ተፈታ። ሸዋገነት እስከ ግቢው በር ሸኘችው። ጂቱ የምሳ ዕቃ ይዛ አጥሩ ሥር ቆማለች። ልትቀርበው ፈለገች፤ ግን ከአጥሩ አልራቀችም።

ፈይሳን ያጋለጠችው እሷ መሆኗን ኤቢሳ ሰምቷል። ተራምዶ ሄደና ምሳ ዕቃውን ከእጇ ተቀበላት። ክዳኑን ከፍቶ ሽሮውን አየው፤ መልሶ ከደነው።

«ፈይሳ በልቷል?» አላት።

ጂቱ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«እንግዲያው አስገቢለት። እኛ ቤታችን ደርሰን እንበላለን።»

ያን ጊዜ ነው ጂቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችው። ሸዋገነት ምሳ ዕቃውን ከኤቢሳ ተቀብላ ራሷ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።