ወደ ውስጥ የዞረው ዘለበት

ይህን ስነግራችሁ «ጀመረው ደግሞ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልማደኛ ነኝ፣ አልክድም። ይሄኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ካለበት ምላሴ እንደዚያ ተራራ በረዶ ይድረቅ!

በረዶውም ዝም ብሎ በረዶ አልነበረም። ከኦክላንድ በመኪና አራት ሰዓት በሚያስኬደው ተራራ ላይ፣ ትልልቁ ጥድ ሁሉ እስከ አንገቱ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ እንደ ሕፃን ቁንጮ ብቅ ብሎ ነበር። ሙጠሊብ ሞቶ የተገኘው እዚያ ካለ ገደል ሥር ነው። ማጅራቱ ተፈንክቷል። እግሮቹ ላይ ስኖውሹዎቹ፣ ማለትም በረዶው እንዳይውጥህ ከቡትስ ሥር የሚታሰሩት ሰፌድ መሳይ ነገሮች፣ ጥብቅ ብለው ታስረዋል።

መጀመሪያ «ብቻውን ሲሄድ ወደቀ» ተባለ። ኋላ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ «ከመውደቁ በፊት ተመቷል» ሲል ጣት ሁሉ ወደ ሀምዛ ዞረ። ጉዞውን የመራው እሱ ነው፤ ያን ዕለት ጠዋትም በመንገድ ምርጫ ከሙጠሊብ ጋር ተጨቃጭቋል።

ሀምዛ ለአክስቱ ለእትዬ ሲቲ ኮል አደረገ። «አክስቴ፣ ነገሩ እስከ ሐሙስ ካልጠራ ሊያስሩኝ ነው።»

እትዬ ሲቲ ደሴ ላይ ሃያ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበሩ። አሁን ኦክላንድ አጠገብ ኤመሪቪል ውስጥ አቅም የከዳቸውን አረጋውያን ልብስ ያለብሳሉ፣ ጫማ ያጠልቁላቸዋል። «ሥራዬ አልተለወጠም» ይላሉ። «ያኔም አሁንም የማይናገር ሰው ነው የማገላብጠው።»

«በል ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉት።

«አራት ነበርን። እኔ፣ ሙጠሊብ፣ ሰርፀና እጮኛው ሶልያና። ተራራው ላይ ካለችው የመንገደኛ ማረፊያ ጎጆ ጋ ስንደርስ ስኖውሹአችንን በር ላይ አውልቀን ላንች በላን። ከዚያ እኔ መንገዱን ለማየት ቀደምኩ። ሶልያና ፒክቸር ልታነሳ ከጎጆዋ በታች ወዳለው ሐይቅ ዳር ወረደች። ሁለቱ ጎጆው ቀሩ።»

«አንተን ያየህ ሰው አለ?»

«በምን ዓይኑ? እላይ ያለው ጭጋግ የራስህን እጅ ይሰርቅሃል።»

«የስኖውሹውን አስተሳሰርስ ማን አሳያቸው?»

«እኔ፣ ፓርኪንጉ ላይ። ሰርፀ ብቻ ከሳንታ ክላራ ዘግይቶ ስለመጣ ራሱ አሰረ።»

ሶልያና እትዬ ሲቲ ዘንድ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ሰርፀ ሐይቁ ጋ መቼ መጣ?»

«ቆይቶ ነው እትዬ። ላብ በላብ ሆኖ። ሙጠሊብ ሀምዛን ተከትሎ ሄደ አለኝ።»

«በዚያ ብርድ ላብ?»

«ስኖውሹ አልሆነለትም እኮ! ቀኑን ሙሉ እንደ ዳክዬ ሲደናቀፍ ስቄ ልሞት…» ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

«ሟቹስ የተናገረው ነገር አልነበረም?»

«ላንች ላይ ሰርፀን ‹ይሄን ፊት ቀርጬዋለሁ› አለው። ሙጠሊብ አዲስ አበባ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር። ሁላችንም ሳቅን።»

ሰርፀ ደግሞ ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «እትዬ፣ ሙጠሊብ ስኖውሹውን ራሱ አስሮ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ራሱ ሲያስር?»

«በዓይኔ!»

እትዬ ሲቲ ሁለት ፎቶ አስመጡ። አንዱ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት እግራቸውን ክብ ሠርተው ያነሱት ነው። ሌላው ሀምዛ አስከሬኑን ሲያገኝ ለፖሊስ ብሎ ያነሳው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ሻያቸው ቀዘቀዘ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቴሜስካል ሰፈር ባለ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ተሰበሰቡ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ መርማሪ ካቴናውን ታጥቆ ጥግ ተቀምጧል፤ የሟቹ እህት ካውሰር ታስተረጉምለታለች። ሀምዛን ቀና ብላ አላየችውም።

እትዬ ሲቲ ወንበር ላይ ሆነው እግራቸውን ዘረጉ። ከፊታቸው የኪራይ ስኖውሹ ተቀምጧል።

«አንድ በአንድ እየመጣችሁ አስሩልኝ።»

«እትዬ ተራራ ሊወጡ ነው እንዴ?» አለ ሰርፀ እየሳቀ።

«ጉልበቴ እንዳንተ ቢሆንማ!»

ሀምዛ አሰረ፤ ፈቱት። ሶልያና አሰረች፤ ፈቱት። ሰርፀ ተንበረከከ። ጣቶቹ ፈጣን ነበሩ። ሲጨርስ የግራና የቀኙ ዘለበቶች በእትዬ ሲቲ ቁርጭምጭሚቶች መካከል ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«እንደዚያው ተንበርክከህ ቆይ» አሉት።



«ሀምዛና ሶልያና ያሰሩት ዘለበቱ ወደ ውጭ ነው። አንተ ግራና ቀኙን አቀያይረህ ወደ ውስጥ አደረግኸው። ጠዋትም እንዲሁ ነው ያሰርከው፤ ዘለበቶቹ እየተጠላለፉ ነው ቀኑን ሙሉ የጣሉህ። እዚህ ፎቶ ላይ ስምንት እግር አለ። ሙጠሊብን ጨምሮ የሦስቱ ወደ ውጭ፣ ያንተ ብቻ ወደ ውስጥ። አሁን አስከሬኑን እይ።»

የሙጠሊብ ዘለበቶች ወደ ውስጥ ዞረው ነበር።

«ሲቸኩል ተሳስቶ ይሆናላ!» አለ ሰርፀ።

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ግን ተረከዙን ተመልከት፤ ከማሰሪያው ሁለት ጣት ወጥቷል። የማይንቀሳቀስ እግር ሌላ ሰው ሲያጫማው እንዲህ ነው የሚሆነው፣ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ተረከዝ እንዲህ ወጥቶ አንድ እርምጃ አይኬድም። ሙጠሊብ ከጎጆው በእግሩ አልወጣም። እዚያው ተመታ፣ ገደሉ ድረስ ተጎተተ፤ ዱካውን ኋላ የጣለው በረዶ ሸፈነው። ያለ ስኖውሹ ቢገኝ መጎተቱ ይታወቃል፤ ስለዚህ አሰርክለት። ሀምዛ ቢሆን በጨለማም አይሳሳትም።»

«ለምን እገድለዋለሁ?»

ካውሰር እትዬ ሲቲ አምጪ ያሏትን የወንድሟን ላፕቶፕ ከፈተች። ቪዲዮው ላይ ሰርፀ ካባ ለብሶ፣ ከጎኑ ቬል ያደረገች ሙሽራ። ሶልያና አይደለችም።

«ሙሽራዋን ትናንት አነጋገርኳት» አሉ እትዬ ሲቲ። «የመኖሪያ ፈቃድ ፕሮሰሴ እስኪያልቅ ታገሺ ብሏት ዛሬም እየጠበቀችው ነው።»

ሶልያና ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሙጠሊብ ከተራራው ሳንወርድ ንገራት፣ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ አለኝ» አለ ሰርፀ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሶልዬ፣ ይቅርታ» አላት።

ካቴናው ቀጭ አለ። ካውሰር ተነስታ ከሀምዛ አጠገብ ተቀመጠች፤ እሱም ያን ጊዜ ነው ፊቱን ሸፍኖ ያለቀሰው።

እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። አንዷን ግን ፈጥሬያለሁ፤ ጥዱን ማለቴ አይደለም፣ ጥዱ እውነት ነው። ሰርፀ ይቅርታ አላለም። ሶልያናን ቀና ብሎም አላያትም። መርማሪው እስኪያነሳው ድረስ እትዬ ሲቲ እግር ሥር እንደተንበረከከ ማሰሪያዎቹን ፈትቶ፣ ዘለበቶቹን ወደ ውጭ አዙሮ እንደገና ያስር ነበር። ይቅርታዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ሶልያና ይህን ታነበው ይሆናል ብዬ።